ጉበት ዝም ሲል

ዘመዶቼ ሐኪም ይሉኛል። አይደለሁም። ስንት ጊዜ እንደነገርኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሰሚ ግን የለም። ለቅሶ ቤት እንኳ ስቀመጥ ጉልበቱን ገልጦ የሚያሳየኝ አይጠፋም። ያኔ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ባሕር ዳር ማስተማር የጀመርኩበት ሰሞን ስለነበር ነገሩ ይበልጥ ያናድደኝ ነበር። እኔ የተማርኩት የሕዋስን ነገር ነው፤ ያውም የአይጥ ጉበት ሕዋስ።

ሥራዬ ይህ ነበር። ሰውነት ሲቆጣ፣ በቁስልም ይሁን ሳንባ ውስጥ በገቡ ተሕዋስያን፣ በደም ውስጥ የሚልካቸው መልእክተኞች አሉ። እነሱን በሕዋሶቹ ላይ ጠብ አደርግና የትኛው ጂን ሥራውን እንደቀጠለ፣ የትኛው ዝም እንዳለ እለካለሁ። ጉበት በደህናው ጊዜ የምንውጠውን መድኃኒት ሰባብሮ የሚያስወግድ ነው። መልእክቱ ሲደርሰው ግን ያንን ሥራ የሚያዙት ጂኖች እየተዘጉ ይሄዳሉ። የጂኑን ሥራ በሚያሳየው የላቦራቶሪ ምስል ላይ ጎልቶ ይታይ የነበረው መስመር በማግስቱ ይደበዝዛል፤ ሲቆይ ጭራሽ ይጠፋል። ለብዙ ወራት ያየሁት ይህንኑ ነው። ተመረቅሁበት፤ አስቀመጥኩት።

አባቴ መሪጌታ ላቀው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በጋፋት በኩል ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ያስተምራሉ። አንድ ጊዜ ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

“ታዲያ ምን አገኘሽ?” አሉኝ።

“ዝም ይላሉ፣ አባየ።”

“ዝም ያለን ነገር እንዴት አድርገሽ ትሰሚዋለሽ?” ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉበት አንስተን አናውቅም።

የነሐሴ ወር ነው፤ የፍልሰታ ጾም ተጋምሷል። እናቴ ካረፈች ጀምሮ የአባቴን ቤት የምትይዘው ታናሽ እህቷ እትየ ጠጄ ናት። አንድ ቀን ማለዳ ደወለችልኝ።

“ትርንጎየ፣ አባትሽ ከእኛ ጋር አይደሉም” አለችኝ።

“ታመሙ እንዴ?”

“ታመው ነበር። ሳልና ትኩሳት ነው ብለን ነበር። አሁን ግን የሚያነጋግሩት እኛን አይደለም።”

ሌላ አልጠየቅኋትም። መናኸሪያ ሄጄ ባገኘሁት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከወረታ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ሲጀምር ጉሙ ተቀበለን። ደብረ ታቦር ስንደርስ ቀትር ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም፤ መኪኖቹ ግን መብራታቸውን አብርተው ነበር። ባጃጁ ጭቃው አላሳልፍ ካለው ቦታ ላይ አወረደኝና በእግሬ ቀጠልኩ። የቤተ ክርስቲያኑን ዛፎች ሳላይ ቅዳሴውን ሰማሁ። ድምፁ ከየት በኩል እንደሚመጣ አይታወቅም፤ አንዴ ከፊቴ፣ አንዴ ከኋላዬ ይመስለኛል።

አባቴ በፍልሰታ ቤታቸው አያድሩም። ከቅጥሩ ውጪ ባለች ጎጆ ሱባኤ ይገባሉ። ወደ ጎጆዋ ስጠጋ ነጠላቸውን የተከናነቡ ሴቶች መንገድ ለቀቁልኝ። ዘወትር አገላብጠው የሚስሙኝ ሴቶች ናቸው፤ ያን ቀን ማንም አልሳመኝም። እትየ ጠጄ ወጥታ እጄን ያዘችኝ።

“ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያዩኝ?”

“የሚያወሩትን አትስሚ። መሪጌታው የማይገለጠውን መጽሐፍ ገልጠው ነው፣ የጠሩትን መመለስ አቅቷቸው ነው ይላሉ።” ድምጿን ዝቅ አደረገች። “እኔም ፈራሁ ልጀ። አልዋሽሽም።”

በዚያ አገር ለአንድ የቅኔ መምህር ይህን የመሰለ ሐሜት ከሞት የማይተናነስ ነገር ነው። ተናድጄ በሩን ገፋሁት።

“አባየ፣ እንዴት ዋሉ?”

“ደህና ነኝ ልጀ። ቀስ ብለሽ ግቢ፤ እንዳትገፊያቸው።”

“ማንን?”

“የቆሙትን።”

ጎጆዋ ውስጥ ማንም አልቆመም። ቢሆንም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጎኔ ዞሬ ነው የገባሁት።

አባቴ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እጆቻቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ጋቢያቸው ደረታቸው ላይ ብድግ ብድግ ይላል፤ ትንፋሻቸው መስሎኝ ነበር፣ ለካ ልባቸው ነው። ከተኙ ስንት ሌሊት እንዳለፈ እትየ ጠጄ ራሷ አታውቅም። የሚቀምሱትንም ያስመልሳቸዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆኑ ሊል ያለውን ነገር አባቴ ቀድመው በለሆሳስ ይሉታል፤ ከዚያ ድምፁ ከጉሙ ውስጥ ተከትሎ ይመጣል። ቅዳሴውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጠጉሬ ግን መቆሙን አልተወም።

አጠገባቸው ተቀምጬ እጄን ደረታቸው ላይ አደረግሁ። ሰውነታቸው ይፋጃል፤ ደረታቸው ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ።

“የቆሙት ምን ይሉዎታል?” አልኳቸው።

“ምንም አይሉም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ይጠብቃሉ።”

“ምን ይጠብቃሉ?”

“ቅዳሴው እስኪወጣ።”

ይህን ያሉት እንደ ተራ ወሬ ነው። አልፈሩም፤ የፈራሁት እኔ ነኝ። ጭሱ ያጠቆረውን ግድግዳ ላለማየት ዓይኔን እሳቸው ላይ ተከልኩ።

ቄስ ምናሴ ያን ጊዜ ገቡ። የአባቴ የጥንት ተማሪ ናቸው፤ ዛሬ እሳቸውም ጢማቸው ሸብቷል። ያን ቀን ተረኛ ስላልነበሩ አባቴን የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። በአንድ እጃቸው ጠበል በጣሳ፣ በሌላው ቋጠሮ ጨርቅ ይዘዋል።

“እንኳን መጣሽ” አሉኝ። “ቅዳሴው ሲወጣ ጠበሉንና ክኒናቸውን እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ ወደ ጠበሉ ቦታ እናወርዳቸዋለን፤ ሰውም ተሰብስቧል።”

“ክኒናቸውን እየወሰዱ ነው?”

“አንድም ቀን አላስታጎልኩባቸው። ለአስማቸው የሚወስዱት ነው፤ ያለሱ አይተነፍሱም።”

ክኒኑን አውቀዋለሁ። ቴኦፊሊን ይባላል፤ ለብዙ ዓመታት ወስደውታል። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እንዲወስዱት ነው የታዘዘላቸው። ቄስ ምናሴ ጨርቁን ሲፈቱት ግን መዳፋቸው ላይ ሦስት ክኒን አየሁ።

“ይኸ ሁሉ ምንድን ነው?”

“የቀኑ ነው።”

“በአንድ ጊዜ?”

ቄስ ምናሴ በሁኔታዬ ተገረሙ። “በሱባኤ እኮ ነው። የኔታ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ አይቀምሱም። ከወጣ በኋላም አንዴ ቀምሰው አፋቸውን ከዘጉ እስከ ማግስቱ አይከፍቱም። ታዲያ መቼ ይውሰዱት? በየዓመቱ በፍልሰታ እንዲህ ነው የሚያደርጉ።”

“በየዓመቱ?”

“እኔ ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ። ምንም ሆነው አያውቁም።”

ንዴቴ መሄጃ አጣ። ክኒኑ እንዲህ ሲበዛ እጅ እንደሚያንቀጠቅጥ፣ ልብ እንደሚያስመታ፣ እንደሚያስመልስ አውቃለሁ። ግን በየዓመቱ እንዲሁ ከወሰዱ፣ በየዓመቱ ሰውነታቸው ተቋቁሞት ካለፈ፣ ዘንድሮ ምን መጣ? ክኒኑ ያው ነው። ሰውየው ያው ናቸው። ጾሙም ያው ነው። ዘንድሮ የተለየው ሳሉና ትኩሳቱ ብቻ ነው። ሳል ደግሞ እንዲህ አያደርግም።

እጄ አሁንም ደረታቸው ላይ ነበር። ትኩሳቱ በጋቢው አልፎ መዳፌን ያቃጥለኛል። ያኔ ነው ያ ምስል ዓይኔ ላይ የመጣው። በማግስቱ የሚደበዝዘው፣ ከዚያ የሚጠፋው መስመር።

እኔ ለወራት ሲጠፋ ያየሁት መስመር ሰው ዘንድ ሲሆን ሥራው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ቴኦፊሊንን የሚሰብረውን ኢንዛይም የሚያዘው ጂን ነው። በፈተና ብጠየቅ አንድ ቃል ሳልስት እመልሰው ነበር። አባቴ ግን አይጥ አይደሉም፤ ጎጆዋም ላቦራቶሪ አይደለችም፤ ሁለቱን ነገር አገናኝቼ አስቤ አላውቅም። የሳንባቸው ቁጣ ወደ ጉበታቸው መልእክት ልኳል። ጉበታቸው ኡኡታ እንደሰማ ገበሬ በሬውን ከነቀንበሩ ትቶ ሮጧል። ሌላ ጊዜ በማግስቱ ተጠርጎ የሚወጣው ክኒን ዘንድሮ የትናንቱ ሳይሄድ የዛሬው እየተጨመረበት፣ ቀን በቀን ሲጠራቀም ሰንብቷል።

“ቄስ ምናሴ፣ ዛሬ አይሰጣቸው” አልኩ።

“ምን ማለትሽ ነው? ትንፋሻቸው ነው እኮ።”

“የሚያንቀጠቅጣቸው እሱ ነው። የሌለ ሰው የሚያሳያቸውም እሱ ነው።”

“በየዓመቱ የሚወስዱት ክኒን?”

“ዘንድሮ ጉበታቸው እየፈጨው አይደለም። በትኩሳቱ ምክንያት።”

እትየ ጠጄ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቄስ ምናሴ እኔን አዩ፣ አባቴን አዩ። “ርግጠኛ ነሽ?” አሉኝ ቀስ ብለው።

አልነበርኩም። ይህን ነው እንድታውቁልኝ የምፈልገው። ተሳስቼ ከሆነ፣ አስም ያለበትን አዛውንት፣ ያውም ሳንባው የታመመ፣ ክኒኑን ከልክዬ የገዛ አባቴን ትንፋሽ መዝጋቴ ነው። ልክ ከሆንኩ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ መጨመር ልባቸውን ሊያቆመው ይችላል። ማንንም ልጠይቅ አልችልም፤ ኔትወርክ ስለጠፋ ስልኬ አይሠራም። ሐኪም አይደለሁም ስል የኖርኩት ሴት፣ ያን ሰዓት ሐኪም ብሆን የማልሰጠው ነገር አልነበረም።

ውጪ ቅዳሴው ወደ ማብቂያው ደረሰ። አባቴ ቀና አሉ። “እትዉ በሰላም” አሉ በጠራ ድምፅ። ጥቂት ቆይቶ ዲያቆኑ ከጉሙ ውስጥ “እትዉ በሰላም” አለ። አባቴ እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን ዘረጉ።

“አምጡ” አሉ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ትንፋሻቸው ሲር ሲር ይላል።

“ምናሴ፣ አምጣ እንጂ። ሰዎቹ እየዞሩ ነው።”

ክኒኖቹን ከቄስ ምናሴ መዳፍ ላይ ወስጄ ጨበጥኳቸው። አባቴ አዩኝ። በሕይወቴ እንዲያ አይተውኝ አያውቁም፤ ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነው። እንባዬ መጣ።

“አልሰጥዎትም፣ አባየ” አልኩ።

“ስጪኝ ልጀ። ሊዞሩ ነው።”

“አልሰጥዎትም።”

የዘረጉት መዳፍ በድንገት ተጨበጠ፤ አንገታቸው ወደ ኋላ ደረቀ፤ መላ ሰውነታቸው ይንፈራገጥ ጀመር። እትየ ጠጄ ጮኸች። በጎናቸው አስተኝተን፣ ራሳቸው ከመደቡ እንዳይጋጭ ጋቢውን አነጠፍን። ጩኸቱን ሰምቶ ከቅዳሴ የወጣው ሰው በሩን ሞላው። “ያዛቸው፣ ያዛቸው” ይላል አንዱ። “ወደ ጠበሉ፣ ቶሎ ወደ ጠበሉ” ይላል ሌላው። እግራቸውን ሊይዙ የገቡ ሰዎች ነበሩ። እኔ ብቻዬን ብሆን ይወስዷቸው ነበር።

ቄስ ምናሴ በሩ ላይ ቆሙ። መስቀላቸውን አወጡ። መንዘፍዘፉ እስኪቆምና አባቴ ማንኮራፋት እስኪጀምሩ በሩን አልለቀቁም። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

“ጠበሉ የትም አይሄድም። የሚሄዱት የኔታ ናቸው። ቃሬዛ አምጡ፣ ሐኪም ቤት እንወስዳቸዋለን።”

ለእኔ መስክረው አይደለም። ያመኑኝ መሆኑንም ርግጠኛ አይደለሁም። መምህራቸው እንዳይሞቱባቸው ነው የፈለጉት። ቃሬዛውን ሲያነሱ የፊተኛው ተሸካሚ እሳቸው ነበሩ፤ ከቃሬዛው ጎን የምሄደው እኔ በጉሙ ውስጥ ነጭ ጥምጥማቸውን ብቻ እያየሁ ነው የተከተልኩት። አባቴ መንገዱን ሙሉ በቃሬዛው ግራና ቀኝ ለሚሄድ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እየዞሩ ያወሩ ነበር። በቀኝ በኩል የምሄደው እኔ ነበርኩ። በግራቸው ማንም አልነበረም። የሚያወሩት ግን ይበልጡን ወደ ግራ ነው።

ሐኪም ቤት ያገኘነው ወጣት ሐኪም በትዕግሥት ሰማኝ። መናገሬን ስጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

“የመድኃኒቱን መጠን በደማቸው ውስጥ የምንለካበት መሣሪያ የለንም” አለ።

“ታዲያስ?”

“ታዲያማ ክኒኑን አንሰጣቸውም። መንቀጥቀጡ እንዳይመለስ መርፌ እንሰጣቸዋለን፤ ትንፋሻቸውን በኦክሲጅን እናግዛለን፤ ሳንባቸውን እናክማለን። ሳንባው ሲበርድ ጉበቱም ወደ ሥራው ይመለሳል። ያንቺ ጥናት የሚለው ይህንን አይደል?”

“ይህንን ነው።”

“እንግዲህ ጥናትሽን እንጠብቃለን” አለኝ። ሲያሾፍ አልነበረም።

ጠበቅን። ከዚያ የከበደ ጥበቃ አላውቅም። ትኩሳቱ ሲቀንስ፣ እዚያ ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ የተዘጋ ነገር መከፈት አለበት። በላቦራቶሪ ቢሆን ሄጄ እለካው ነበር። እዚህ ያለኝ መለኪያ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

“አባየ፣ አሉ?” እላቸዋለሁ ጠዋት ስገባ።

“አሉ።”

በማግስቱ፦ “አሉ?”

“አሉ። ግን ሳስተዋል።”

ከዚያ እጃቸው መንቀጥቀጡን ተወ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እትየ ጠጄ የሞቱ መስሏት አልቅሳ ቀሰቀሰቻቸውና ተቆጧት። በቁጣቸው ነው መዳናቸውን ያወቅሁት።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ይህን የጻፍኩት ክኒን ከሰው እጅ እየቀማችሁ እንድትሄዱ አይደለም። እኔ ያደረግሁት በጭንቅ የተደረገ ነው፤ ባልታደል ኖሮ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው። ግን ቤታችሁ ውስጥ ለዓመታት አንድ መድኃኒት የለመደ ሰው ካለ፣ ብርቱ ትኩሳት ወይም የደረት ሕመም ሲይዘው የለመደው መድኃኒት ያው የለመደው ላይሆን ይችላል። ሐኪሙን ጠይቁት። “በፊት ምንም አድርጎት አያውቅም” የሚለውን ቃል አትመኑ፤ እኛን ሊገድለን የነበረው እሱ ነው።

እኔም ተለወጥሁ። ከአይጥ ሕዋስ ወጥቼ ዛሬ ከታማሚዎች ጋር ነው የምሠራው፤ የተኙ ሰዎች የሚወስዱት መድኃኒት በትኩሳት ጊዜ ምን እንደሚሆን እከታተላለሁ። ለቅሶ ቤት ጉልበቱን የሚያሳየኝ ሲመጣም “ሐኪም አይደለሁም” ማለቴ አልቀረም፤ ቀጥዬ ግን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ እጠይቀዋለሁ። የአባቴን ክኒን ሐኪሙ በአፍ በሚሳብ መድኃኒት ለወጠላቸው። ሐሜቱም በራሱ ጊዜ ጠፋ፤ ጭራሽ መሪጌታው ቅዱሳንን አይተዋል የሚል ወሬ ተነሣ፤ እሱን ደግሞ አባቴ ራሳቸው በዐውደ ምሕረት ቆመው “ያየሁት መድኃኒቱ ያሳየኝን ነው” ብለው ዘጉት።

ከሐኪም ቤት ወጥተው ቤታቸው ከገቡ በኋላ፣ ወደ ባሕር ዳር ልመለስ ስል ግን ጠሩኝ። እትየ ጠጄ ውጪ ነበረች።

“ያስረዳሽኝን ልቀጽልልሽ” አሉ፣ ተማሪ በመምህሩ ፊት እንደሚያደርገው። “ስስት አርሚኝ። ደረቴ ሲቆጣ ጉበቴ ዝም ይላል። ጉበቴ ዝም ሲል ክኒኑ ይጠራቀማል። ክኒኑ ሲጠራቀም ይመጣሉ። ልክ ነው?”

“ልክ ነው፣ አባየ።”

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

“መጨረሻ የሄደችው እናትሽ ናት” አሉኝ። “ከሁሉም ኋላ። ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር አላየኋትም፤ ያን ዕለት ልትዞር ስትል ነው ክኒኑን የከለከልሽኝ።”

አልወቀሱኝም። እጃቸውን ከትራሱ ሥር ሰደዱና በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡ። ፈታሁት። ከቤት የቀሩ ክኒኖች ነበሩ፣ እፍኝ ሙሉ።

“መንገዱን አውቄዋለሁ እንግዲህ” አሉ። “ክረምት ደግሞ ይመጣል፤ ሳልም አይቀርም። ያዥልኝ ልጀ። እኔ ዘንድ አይደር።”